ማንንም የማያዝ ፊርማ

እ.ኤ.አ. ሜይ 26 ቀን 2011 ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ ለቡድን 8 ስብሰባ ዶቪል በምትባል የፈረንሳይ የባሕር ዳርቻ ከተማ ነበሩ። በዚያው ዕለት የአሜሪካ ምክር ቤቶች የጸረ ሽብር ሕጉን አንዳንድ አንቀጾች በ4 ዓመት የሚያራዝም አዋጅ አጸደቁ። የአንቀጾቹ ዕድሜ እኩለ ሌሊት ላይ ያበቃል፤ ወረቀቱን ውቅያኖስ አሻግሮ ለማስፈረም ደግሞ ጊዜ የለም። ፕሬዚዳንቱ ካሉበት ሆነው ፈቀዱ። ዋሽንግተን ላይ አውቶፔን የሚባለው መሣሪያ ብዕር ጨብጦ የእሳቸውን ፊርማ በአዋጁ ላይ አሳረፈ። አዋጁ ሕግ ሆነ፤ ከ300 ሚሊዮን በላይ ሕዝብም በዚያ ፊርማ ሥር አደረ።

ያው መሣሪያ፣ በዚያው ብዕርና በዚያው ቀለም፣ በኦባማ ፎቶግራፍ ላይ ቢፈርምስ? የቀድሞ መሪዎች ፊርማ ያረፈባቸውን ፎቶግራፎች የሚሰበስብ ሰው አገላብጦ ያየውና «የማሽን ነው» ብሎ ይመልሰዋል። ሕግ ለማጽናት የበቃ ፊርማ አንዲት ፎቶግራፍ ለማክበር ሳይበቃ ቀረ ማለት ነው። የሕግ ሰዎችና ፊርማ ሰብሳቢዎች አንድን የቀለም መስመር እያዩ ተቃራኒ ፍርድ ይሰጣሉ። ከሁለቱ አንዱ ተሳስቷል ብሎ ማለፍ ይቀላል። እኔ ግን ሁለቱም ልክ ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ ሁለቱም ልክ የሆኑበትን ምክንያት መከተል ስለ ሥልጣንም ስለ ሰውም ብዙ ይነግረናል።

የሕጉን ወገን እናስቀድም። የአሜሪካ የፍትሕ መሥሪያ ቤት የሕግ አማካሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 በጻፉት አስተያየት ፕሬዚዳንቱ አዋጅን ለማጽደቅ የገዛ እጃቸውን በወረቀቱ ላይ ማሳረፍ እንደማያስፈልጋቸው፣ ፊርማቸውን ሌላ ሰው በመሣሪያ እንዲያኖር ማዘዝ እንደሚችሉ ደምድመዋል። ለሕግ ዋናው ፈቃድ ነው። ፈቃዱ የፕሬዚዳንቱ እስከሆነ ድረስ እጁ የማንም ይሁን። ነገሩም አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1833 የአሜሪካ ምክር ቤት የመሬት ይዞታ ወረቀቶችን በፕሬዚዳንቱ ስም የሚፈርም ጸሐፊ እንዲሾም ፈቅዶ ነበር። ፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰን ለሚታደለው መሬት ሁሉ እየፈረሙ አገር ማስተዳደር አልቻሉማ። ከዚያ ወዲህ በወጡት የይዞታ ወረቀቶች ላይ የፕሬዚዳንቶች ስም አለ፤ እጃቸው ግን የለም። መሬቱን ለባለይዞታው ከመጽናት የከለከለው ነገር አልነበረም።

በእኛም አገር የንጉሥ ቃል የሚጸናው በማኅተም እንጂ በእጅ ጽሕፈት አልነበረም። «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚለውና አንበሳ የተቀረጸበት የዳግማዊ ምኒልክ ማኅተም ከደብዳቤው ራስ ላይ ያርፋል፤ ማኅተሙን የሚጠብቀው ጸሐፌ ትእዛዙ ነው። ደብዳቤው የደረሰው ባላባት ወይም የውጭ መንግሥት ወኪል «ንጉሡ በእጃቸው ነክተውታል ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። ማኅተም ያለ ሰውየው እንዲሠራ ተብሎ የተበጀ ነገር ነው። ምኒልክ በመጨረሻ ዘመናቸው ሕመም አልጋ ላይ ጥሏቸው፣ አንደበታቸውም ተይዞ ሳለ በስማቸው መገዛት አልቀረም። በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ሲያርፉም ዜና ዕረፍታቸው ለሕዝብ ሳይነገር ቆየ። ሰውየው አርፈው ስማቸው ያዝዝ ነበር።

ታሪክ ጸሐፊው ኤርንስት ካንቶሮቪች እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ የመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ሊቃውንት ለንጉሥ ሁለት አካል እንደሰጡት አሳይቷል፦ አንዱ የሚታመም፣ የሚያረጅ፣ የሚሞት የሥጋ አካል፤ ሁለተኛው የማያረጅና የማይሞት የመንግሥት አካል። ማኅተሙም አውቶፔኑም የሁለተኛው አካል ብዕሮች ናቸው። ሥልጣን ሲያድግ ፈቃድ ከእጅ እየራቀ ይሄዳል። ተራ ሰው የፈለገውን ለማድረግ ራሱ መነሣት አለበት። ከፍ ያለ ሥልጣን የያዘ ሰው ግን ሳይነሣ ይነሣል፣ ሳይጽፍ ይጽፋል፣ ሳይሄድ ይደርሳል። ይህ የሥልጣን ትሩፋት ነው፤ ሰውየውን ከገዛ ሥራው የሚያርቀውም ይኸው ነው።

ሰብሳቢው ታዲያ ምን ፍለጋ ነው? በመጀመሪያ የሚመጣልን መልስ ንክኪ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፖል ብሉምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት ሰዎች የሚያደንቁት ዝነኛ የለበሰውን ሹራብ ለመግዛት እንደሚጓጉ፣ ሹራቡ ታጥቦ ከጸዳ ግን ጉጉታቸው እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ባለቤትነቱ አልተለወጠም፤ ታሪኩ አልተለወጠም፤ የተወገደው የሰውየው ቅሪት ብቻ ነው። ከገዳም እምነት ቋጥሮ ወደ ቤቱ የሚመለስ ምእመን ይህን ለመረዳት ጥናት አያስፈልገውም። የቦታው በረከት በአፈሩ እንደሚጓዝ ያምናል።

ንክኪ ግን ፊርማን አይገልጸውም ባይ ነኝ። መሪው የተቀመጠበት ወንበር፣ የጨበጠው የበር እጀታ፣ የጠጣበት ብርጭቆ ሁሉ ተነክቷል፤ ከፊርማው በላይም የተነካ አለ። ሆኖም ወንበሩን ሲነካ ልቡ ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። ሲፈርም ግን፣ ለጥቂት ሰኮንድም ቢሆን፣ የራሱን ስም እየጻፈ ነው። ከፊቱ ያለችውን ወረቀት ያያል፣ ብዕሩን ከፍ ዝቅ ያደርጋል፣ ቀለሙ እስኪደርቅ እጁን ያነሣል። ያ ጥቂት ሰኮንድ የሌላ ነገር አልሆነም። መሪ ወታደር ማብዛት፣ ጸሐፊ ማብዛት፣ ማኅተም ማስቀረጽ ይችላል፤ የራሱን ሰዓት ግን ማብዛት አይችልም። ሰብሳቢው የሚፈልገው ሥልጣን ለሌላ አሳልፎ ሊሰጠው ያልቻለውን ያንን ጊዜ ነው እላለሁ። ሕጉና ሰብሳቢው የሚለያዩትም እዚህ ላይ ነው፦ ሕግ የመሪውን ፈቃድ ይፈልጋል፣ ፈቃድ ደግሞ በውክልና ይጓዛል፤ ሰብሳቢው የመሪውን ልብ ማለት ይፈልጋል፣ እሱን ወክሎ የሚያቀርብ የለም።

የሐሰትን ነገር ስናስብ ይህ ይበልጥ ይጠራል። የእጅ ጽሕፈት ነጋዴው ቻርልስ ሃሚልተን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ በፕሬዚዳንት ኬኔዲ ስም ለሕዝብ ከወጡት ፊርማዎች ብዙዎቹ የመሣሪያ ሥራ እንደነበሩ አጋለጠ። የማጋለጫው መንገድ ቀላል ነው። ሁለት ፊርማዎችን ደራርበህ ወደ ብርሃን ታነሣለህ፤ ምንም ሳይዛነፉ ከገጠሙ ሁለቱም የማሽን ናቸው። የሰው እጅ አንዱን ፊርማ ሁለት ጊዜ አይጽፍም። እንደ መዳፉ ሙቀት፣ እንደ ጠረጴዛው ከፍታ፣ እንደ ድካሙ ይለያያል። ፈላስፋው ዣክ ዴሪዳ ፊርማ ፊርማ እንዲሆን ሊደገም የሚችል መልክ ሊኖረው እንደሚገባ ተከራክሯል፤ ባንክ የሚያምነው ከቀድሞው ጋር ስለሚመሳሰል ነው። ሃሚልተን ያሳየን ሌላውን ገጽ ነው፦ ፈጽሞ ከተመሳሰለ ሰው የለበትም። እውነተኛ ፊርማ በመመሳሰልና በመለያየት መካከል ባለች ጠባብ ቦታ ላይ የቆመ ነው። ያቺን ጠባብ ቦታ የሚሞላው ሰውየው በዚያ ቀን እንዴት እንደዋለ ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። የማይለይ ሐሰት። ባለሙያ ሁሉ የተታለለበት ፎቶግራፍ ለዓመታት በግድግዳ ላይ ይከበራል፤ አንድ ቀን እውነቱ ሲወጣ ከወረቀቱ ላይ አንዲት ነጥብ ሳትለወጥ ክብሩ ይጠፋል። ኔልሰን ጉድማን እ.ኤ.አ. በ1968 የጻፈው የጥበብ ፍልስፍና ለዚህ የሚሆን ልዩነት አለው፦ ሙዚቃ በትክክል ከተገለበጠ ያው ሙዚቃ ነው፤ ሥዕል ግን በምንም ያህል ትክክል ቢገለበጥ ያው ሥዕል አይሆንም፤ ሥዕልን ያ ሥዕል የሚያደርገው ከማን እጅ እንደወጣ ነውና። ፊርማም እንዲሁ ነው። ዓይን የሚያየው መስመሩን ነው፣ ክብር የሚሰጠው ግን ዓይን ለማያየው ታሪክ ነው። ይህን እንደ ሞኝነት የሚቆጥሩ አሉ። እኔ አልቆጥረውም። እናታችን የጻፈችልንን ደብዳቤ ልክ በሚመስል ቅጂ የሚለውጠን ቢመጣ ማናችንም እሺ አንልም፤ በዚህም አላጠፋንም።

ግን ለምን ፎቶግራፍ? ፊርማው በባዶ ወረቀት ላይ ለምን አይበቃም? ፎቶግራፍ መጀመሪያውኑ የብዙኅነት ልጅ ነው። ፓሪሳዊው ዲስዴሪ እ.ኤ.አ. በ1854 ትናንሽ የፎቶግራፍ ካርዶችን በአንድ ሳህን ላይ ብዙ አድርጎ ማንሣት ካስመዘገበ በኋላ የነገሥታትና የመሪዎች ፊት በርካሽ የሚሸጥ ዕቃ ሆነ። በእኛም ቤተ መንግሥት ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ የአርመኖቹ የቦያጂያን ቤተሰብ አባት ለልጅ እያስተላለፈ የነገሥታቱን መልክ አንሥቷል፤ ያ መልክ ተባዝቶ ጽሕፈት ቤቱን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ሳሎኑን ሞልቶ ነበር። ሺህ ቦታ ያለ ፊት የማንም አይደለም። ፊርማው ከሺዎቹ አንዷን ነጥሎ ያወጣታል።

ከዚህም በላይ የሚገርመኝ የጊዜው ነገር ነው። ፈረንሳዊው ሐያሲ ሮላን ባርት እ.ኤ.አ. በ1980 ስለ ፎቶግራፍ ባሳተመው መጽሐፍ ፎቶግራፍ የሚመሰክረው «ይህ ነበር» ብሎ እንደሆነ ጽፏል። ብርሃን ከዚያ ፊት ተነሥቶ በዚያ ፊልም ላይ አርፏል፤ ይህ አይካድም። ፊርማው ደግሞ በኋላ የመጣ ነው። የቀድሞ መሪ ሲሆን በኋላው በጣም ይረዝማል። ጡረታ የወጣ ሽማግሌ፣ ፀጉሩ ተመልጦ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት ባንዲራ ከኋላው ተተክሎ በተነሣው ፊቱ ላይ ይፈርማል። ፊቱ ሲነሣ ያዝዝ ነበር፤ እጁ ሲፈርም የሚያዝዘው የለውም። በአንዲት ወረቀት ላይ የካንቶሮቪች ሁለት አካላት ይገናኛሉ፦ የመንግሥቱ አካል በምስሉ፣ የሥጋው አካል በቀለሙ።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 25 ቀን 1991 የሶቪየት ኅብረት ፕሬዚዳንት ሚካኤል ጎርባቾቭ ሥልጣን የሚለቁበትን ሰነድ ሊፈርሙ ተቀምጠው ብዕሩ አልጽፍ አለ። ሊቀርጽ የመጣው የሲ.ኤን.ኤን. ኃላፊ ቶም ጆንሰን የኪሱን ብዕር አዋሳቸው። በውሰት ብዕር ፈረሙ። ያ ፊርማ የሚያዝዝ የመጨረሻ ፊርማቸው ነበር፤ ያዘዘውም ከእንግዲህ አለማዘዛቸውን ነው። በማግስቱ እጁ ያው እጅ ነው፣ የፊደሉ አጣጣልም ያው። የቀረው ከፊርማው ጀርባ ይቆም የነበረው ሠራዊት፣ ግምጃ ቤትና እስር ቤት ነው። ከዚያ በኋላ ለአንድ እንግዳ የፈረሟት ፎቶግራፍ ማንንም አታዝም፤ ሰው አታስርም፣ ሰው አትፈታም፣ ሹም አትሾምም። ገበያው ለዚህ ብዙም ግድ የለውም። ሰብሳቢዎች በሥልጣን ላይ ሳለ የተፈረመውን አብልጠው ይከፍሉበታል። በ1841 እ.ኤ.አ. 31 ቀን ብቻ ገዝተው ያረፉት የፕሬዚዳንት ዊሊያም ሄንሪ ሃሪሰን የሥልጣን ዘመን ፊርማ እጅግ ከሚፈለጉት አንዱ ነው። ብርቅነቱን አልክድም። ለእኔ ግን ከሥልጣን በኋላ የመጣው ፊርማ ይበልጣል፤ የመንግሥቱ አካል ሄዶ ሰውየው ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሱ የፈረመው እሱን ነውና።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የፈረሙባቸው ፎቶግራፎች ዛሬም በውጭ አገር ጨረታዎች ይቀርባሉ። ለአምባሳደሮች፣ ለሐኪሞች፣ ለመምህራን፣ ለእንግዶች ይሰጡ ነበር፤ አንዳንዶቹ ዘውድ ባለበት የብር ክፈፍ ውስጥ ናቸው፤ ፊርማው በአማርኛ ፊደል ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. በቤተ መንግሥታቸው አዋጅ ተነቦላቸው ነው። ከ34 ቀን በፊት ሪቻርድ ኒክሰን በፈረሟት ባለ አንድ ዓረፍተ ነገር ደብዳቤ ፕሬዚዳንትነታቸውን ለቀው ነበር። አንደኛው በገዛ ፊርማቸው ወጡ፤ ሌላኛው በሰዎች ንባብ። ከዚያ በኋላ የንጉሡ ምስል በአገር ውስጥ ከግድግዳ ወረደ። ብዙ ቤተሰብ ፎቶግራፉን በሣጥን ግርጌ፣ በልብስ መሐል ደበቀ፤ የደነገጠም አቃጠለ። ያን ጊዜ ፎቶግራፉ ማንንም የሚያዝ አልነበረም፤ ያዘዙት ሰው እስረኛ ነበሩ። ግን አስፈራ። የደበቀው ሰው ለሥልጣን ብሎ አልደበቀም፤ ሥልጣኑማ ወደ ሌላ ሄዷል። ዛሬ ዋሽንግተን ውስጥ በሐበሻ ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ያው ምስል ያለ ስጋት ተሰቅሎ ሳይ፣ አንዱን ወረቀት ሣጥን ውስጥ ያቆየውን ሰው አስባለሁ።

እዚህ ላይ የራሴን ሐሳብ የሚፈትን ነገር አለ፤ ልሸሸው አልፈልግም። እ.ኤ.አ. ማርች 5 ቀን 1940 የሶቪየት የምሥጢር ፖሊስ አለቃ ቤሪያ ያቀረበውን ሰነድ ስታሊን በገዛ እጁ ፈረመበት። ወደ 22 ሺህ የሚሆኑ የፖላንድ እስረኞች የተገደሉት በዚያ ውሳኔ ነው። ማሽን አልነበረም፣ ጸሐፊም አልፈረመለትም። ልብ ብሎ፣ የራሱን ጊዜ ሰጥቶ ፈረመ። እንግዲህ የፊርማ ክብር ያለው በሰውየው ልብ ማለት ላይ ከሆነ፣ ያ ወረቀት ከሁሉ የከበረ ሊሆን ነው? አይደለም። ልብ ማለት በራሱ መልካምነት የለውም፤ አዳኝም ለሚገድለው እንስሳ ልብ ይላል። ይህ የሚያሳየኝ ፊርማው ጊዜ የተሰጠው ለማን እንደሆነ ካልታወቀ ትርጉሙ ግማሽ መሆኑን ነው። ያ ሰነድ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን በአንድ ያጠቃለለ ነበር፤ ከእነዚያ ሰዎች አንዱንም በስሙ ጠርቶ ያየ ዓይን አልነበረበትም። እጁ ቅርብ ነበር፣ ሰዎቹ ሩቅ። የአምባገነን ፊርማ ያለበትን ፎቶግራፍ የሚሰበስብ ሰው ቢያንስ ይህን ጥያቄ ከፎቶግራፉ ጎን ማኖር አለበት፦ ይህ እጅ በሌላው ወረቀት ላይ ምን ጽፏል? መልሱን ሳያውቅ የሰቀለ ሰው የሰቀለውን አያውቅም።

ስለዚህ ነው ነጋዴዎች ዋጋ ቀናሽ የሚሉት ነገር ለእኔ የፎቶግራፉ እምብርት የሚሆነው። በዚህ ገበያ «ለእገሌ» ተብሎ የተፈረመበት ፎቶግራፍ፣ እገሌ ራሱ ዝነኛ ካልሆነ፣ ስሙን ብቻ ከያዘው ብዙ ጊዜ ያነሰ ያወጣል። ገዢው የሌላ ሰው ስም ግድግዳው ላይ እንዲኖር አይፈልግም። ስሙን በክፈፉ ጠርዝ የሚሸፍኑም አሉ። ምክንያታቸው ይገባኛል፤ ፍርዳቸው ግን የተገለበጠ ይመስለኛል። ባዶው ፊርማ ለማንም ነው፤ ለገበያው ተብሎ በክምር ተፈርሞ ሊሆን ይችላል። «ለእገሌ» የሚለው ግን መሪው በዚያች ሰኮንድ አንድ ሰው እንዳለ ማወቁን ይመሰክራል። የእኛ ሰዎች ይህን ያውቁ ነበር። ፎቶ ቤት ገብተው የተነሡትን ለወዳጅ ሲሰጡ ጀርባውን ገልብጠው «ለወዳጄ ለእገሌ መታሰቢያ ትሁንልኝ» ብለው ቀኑን ይጽፉበታል። ያለዚያ ጽሑፍ ፎቶግራፉ መልክ ብቻ ነበር፤ በጽሑፉ ስጦታ ሆነ። የማኅበረሰብ ጥናት ምሁሩ ማርሴል ሞስ እ.ኤ.አ. በ1925 ስለ ስጦታ የጻፈው ሐተታ በስጦታ ውስጥ ከሰጪው አንድ ነገር አብሮ እንደሚሄድ ያስረዳል። በጨረታ የገዛው ሰው ያንን አንድ ነገር መግዛት አይችልም፤ የተሰጠው ለሌላ ነው። ወረቀቱ፣ ቀለሙና ክፈፉ የእሱ ናቸው፤ ያ የተሰጠ ጊዜ ግን ተቀባዩን አግኝቶ አልፏል።

ታዲያ የገዛው ሰው ምን አለው? አደራ አለው እላለሁ። ንጉሡ ለአንድ ሐኪም የፈረሙትን ፎቶግራፍ የገዛ ሰው የሐኪሙን ስም ከክፈፉ ጠርዝ ያውጣ፣ ያ ሐኪም ማን እንደነበረ፣ በየትኛው ሆስፒታል እንደሠራ፣ ፎቶግራፉ በምን አጋጣሚ እንደተሰጠው ይጠይቅ፣ ያገኘውንም በለስላሳ እርሳስ ከጀርባው ይጻፍ፤ ከእሱ በኋላ የሚገዛው ሰው ከንጉሡ ስም ጋር ያንንም ስም እንዲያነብ።